የኪዮቶን ፋብሪካዎች ያንቀሳቀሰው ውሃ፦ ስለ ቢዋ ሐይቅ ቦይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኪዮቶን የጎበኘ ሰው ሳያውቀው ይህን ውሃ ጠጥቷል። ማደሪያው ውስጥ ታጥቦበታል። ዳር ዳሩን እየሄደ የቼሪ አበባ ፎቶ አንስቷል። ውሃው የሚመጣው ከተራራው ማዶ ካለው ከቢዋ ሐይቅ ነው። የሚያመጣው ቦይ ደግሞ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጃፓን ከውሃ ጉልበት ኤሌክትሪክ አመንጭታ ለፋብሪካና ለከተማ ሰው መሸጥ የጀመረችው በዚህ ቦይ ነው።

ስለ ጃፓን ዕድገት ወሬ ሲነሳ ቶሎ የሚጠራው መኪናው ነው፤ ፈጣኑ ባቡር ነው። እኔን የሚማርከኝ ከዚያ በፊት ያለው ዘመን ነው። ስሚንቶ እንኳ ከውጭ በመርከብ ይመጣ የነበረበት ዘመን። እዚህ የሰበሰብኳቸው ሰዎች ስለዚህ ቦይ ሲሰሙ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቦዩ ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል?

ቢዋ የጃፓን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ወደ 670 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በደቡብ ምዕራብ ጫፉ ኦትሱ የምትባል ከተማ አለች። ኪዮቶ ከኦትሱ በስተ ምዕራብ፣ ከተራራው ጀርባ ናት።

ሐይቁ ከኪዮቶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ተራራው ባይጋርደው ኖሮ ውሃው ራሱ ወደ ከተማዋ ይወርድ ነበር። ስለዚህ የነበረው ሥራ ተራራውን መብሳት ነው። ከኦትሱ እስከ ኪዮቶ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ኬአጌ እስከሚባለው ሰፈር ድረስ፣ ቦዩ ወደ 8.7 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በመንገዱ ላይ ሦስት ዋሻዎች አሉ። አንደኛው 2,436 ሜትር፣ ሁለተኛው 124 ሜትር፣ ሦስተኛው 850 ሜትር ነው። ከኬአጌ በኋላ ውሃው ወደ ካሞ ወንዝ ይወርዳል። ኋላ ደግሞ ወንዙን ተከትሎ በስተ ደቡብ እስከ ፉሺሚ ድረስ ተቀጠለ። ጠቅላላ ርዝመቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

አንድ ቅርንጫፍ ደግሞ ከኬአጌ ወደ ሰሜን ይሄዳል። የኪዮቶ ወንዞች በሙሉ ወደ ደቡብ ነው የሚፈሱት። ይህ ውሃ ብቻ የተራራውን ግርጌ ይዞ ወደ ላይ የሚሄድ ይመስላል። በእርግጥ ሽቅብ አይፈስም። ቀስ ብሎ እንዲወርድ ቁልቁለቱ በጥንቃቄ ተለክቶለት ነው። በመንገዱ ሁሉ አንድም ፓምፕ የለም።

ለምን አስፈለገ?

ኪዮቶ ከ794 ጀምሮ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ነበረች። በ1869 ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ወደ ቶኪዮ ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። ቤተ መንግሥቱ ሲሄድ መኳንንቱ ተከተሉ። መኳንንቱ ሲሄዱ ደግሞ የእነሱን ልብስ የሚሸምነው፣ የእነሱን ዕቃ የሚሠራው ባለሙያ ገበያ አጣ። ወደ 350 ሺህ ይገመት የነበረው የከተማዋ ሕዝብ ወደ 200 ሺህ ግድም አሽቆለቆለ። ኪዮቶ ወና ልትሆን ነው የሚል ስጋት ነበር።

በ1881 ኪታጋኪ ኩኒሚቺ የሚባሉ ሰው ሦስተኛው አገረ ገዥ ሆነው መጡ። ኪታጋኪ ከተማዋ በቀድሞ ክብሯ ብቻ ልትኖር እንደማትችል ገባቸው። ፋብሪካ ያስፈልጋታል። ፋብሪካ ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል። ኪዮቶ አጠገብ የድንጋይ ከሰል የለም። ያለው ውሃ ነው፤ እሱም ከተራራው ማዶ ነው።

ሌላም ችግር ነበር። ከሐይቁ ወደብ ሩዝና ሸቀጥ ወደ ኪዮቶ የሚገባው በሬ በሚጎትተው ጋሪ ነበር፤ ያውም ዳገት ተወጥቶ። ጎማው እንዳይሰምጥ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ነበር። ድንጋዩን የጋሪው ጎማ ቦርቡሮት ጉድጓድ አውጥቶበታል፤ ዛሬም ይታያል። በቦይ ግን ጀልባ ይሄዳል። የአገረ ገዥው ዕቅድ ጭነትን፣ የፋብሪካ ጉልበትን፣ መስኖን፣ የሩዝ መፈተጊያን፣ የእሳት አደጋ ማጥፊያ ውሃን ሁሉ ባንድ ቦይ ለመመለስ ነበር።

በዚያው ሰሞን ፉኩሺማ ውስጥ የኢናዋሺሮን ሐይቅ ውሃ ወደ አሳካ ሜዳ የሚወስድ ቦይ በ1882 አልቆ ነበር። ኪታጋኪ ያንን ሥራ አስጠንተው ነው ልባቸው የጠነከረው።

ሥራውን የመራው የ21 ዓመት ወጣት ነው ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ስሙ ታናቤ ሳኩሮ ይባላል። በ1861 ተወለደ። ቶኪዮ ውስጥ በነበረው የመንግሥት የምህንድስና ኮሌጅ ተማረ። የኮሌጁ የመጀመሪያ ኃላፊ ሄንሪ ዳየር የሚባል የስኮትላንድ መሐንዲስ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ ከመጽሐፍ ብቻ አይመረቅም፤ ወጥቶ መሬት ይለካል፤ ሥራ ላይ ይውላል። ታናቤ ለመመረቂያ ጽሑፉ የመረጠው ርዕስ ይኸው ከቢዋ ወደ ኪዮቶ የሚሄድ ቦይ ነበር። አካባቢውን በእግሩ ዞሮ አጥንቶታል።

በጥናቱ መሃል ቀኝ እጁ ተጎዳ። መጻፍ አቃተው። ሥራውን አላቋረጠም። ጽሑፉንም ንድፉንም በግራ እጁ ጨረሰው። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ባልለመደው እጅ አንድ አንድ መስመር ሲያሰምር ይታየኛል።

በ1883 ሲመረቅ ኪታጋኪ ወደ ኪዮቶ ወሰዱት። በዚያ ዘመን ጃፓን ትልልቅ ሥራዎችን በውጭ አገር መሐንዲሶች ነበር የምታሠራው። መንግሥት የቀጠራቸው የሆላንዱ መሐንዲስ ዮሃኒስ ደ ሬይከ ዕቅዱን አይተው አልደገፉትም። ኪታጋኪ ግን በጃፓናውያን እጅ ይሠራል ብለው ወሰኑ። ታናቤ ብቻውንም አልነበረም። መሬቱን የለካው ሺማዳ ዶሴይ ነው። የእሱ ልክ ትክክለኛ ባይሆን ከተራራው ግራና ቀኝ የተጀመሩት ቁፋሮዎች ሳይገናኙ ይተላለፉ ነበር። ስለ ቦዩ ሲወራ የሺማዳ ስም ብዙ አይነሳም፤ መነሳት ግን ይገባዋል።

ታናቤ ኋላ የኪታጋኪን የመጀመሪያ ሴት ልጅ አገባ። የሆካይዶን የባቡር መስመሮች መርቷል። ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲም አስተምሯል። በ1944 አረፈ።

ገንዘቡ ከየት መጣ?

ወጪው 1.25 ሚሊዮን የን ነበር። ያኔ የክፍለ ሀገሩ የዓመት በጀት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። የመጀመሪያው ግምት ከዚህ ግማሽ ያህል ነበር። ማዕከላዊው መንግሥት ንድፉ ይጠንክር ብሎ አዘዘ፤ ወጪውም አሻቀበ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋን ለቀው ሲሄዱ ለኪዮቶ ኢንዱስትሪ ማቋቋሚያ የሰጡት ገንዘብ ነበር፤ እሱ ገባበት። መንግሥት ድጎማ ሰጠ። ቦንድ ተሸጠ። የቀረው በነዋሪው ላይ ወደቀ፤ ከየቤቱ የግዴታ መዋጮ ተሰበሰበ።

ሰዉ ደስ አላለውም። ገበያው ቀዝቅዞ፣ ሥራ ጠፍቶ፣ ገና ላልታየ ውሃ ክፈሉ ሲባል ማን ደስ ይለዋል? የአገረ ገዥውን ስም እያጣመሙ መሳደቢያ አደረጉት። እኔ ያንን ቅሬታ እንደ ኋላ ቀርነት አላየውም። የከፈሉት ከዕለት ጉርሳቸው ነው። ሥራው ሳይሳካ ቢቀር ኖሮ እነሱ ነበሩ ተጎጂዎቹ።

ተራራውን በምን ቆፈሩት?

በእጅ። በዶማ፣ በመሮ፣ በመዶሻ። ድማሚትም ነበራቸው። ሥራው በ1885 ሰኔ ላይ ተጀመረ።

የራስ ምታቱ የመጀመሪያው ዋሻ ነው። ጃፓን ውስጥ እስከዚያ ድረስ ይህን ያህል ረጅም ዋሻ አልተሠራም ነበር። ከሁለቱ ጫፍ ብቻ ቢቆፈር ዓመታት ይፈጃል። ታናቤ ሌላ መላ አመጣ። ከተራራው አናት ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ጉድጓድ አስቆፈረ። ጥልቀቱ ወደ 47 ሜትር ነው። ጉድጓዱ የዋሻው መስመር ጋ ሲደርስ ሠራተኞች ከታች ሆነው በግራም በቀኝም መቆፈር ጀመሩ። እንዲህ ሆኖ ዋሻው ባንድ ጊዜ ከአራት ግንባር ይቆፈር ጀመር። በጃፓን የዋሻ ሥራ ይህን ዘዴ ሲጠቀሙ የመጀመሪያው ነው።

ጉድጓዱ ራሱ ግን መከራ ነበር። ከ190 ቀን በላይ ወስዷል። ከድንጋዩ መሃል ውሃ እየፈነዳ ይሞላባቸዋል። በእንፋሎት ፓምፕ ይቀዱታል፤ ፓምፑ ይበላሻል፤ ውሃው ተመልሶ ይሞላል። ከታች ያለው ሰው በኩራዝ ብርሃን፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚሠራው።

ጡቡም የራሱ ታሪክ አለው። ለዚህ ሁሉ ዋሻ የሚበቃ ጡብ የሚሸጥ ስላልነበረ ያማሺና ውስጥ የራሳቸውን የጡብ ፋብሪካ አቆሙ። ከዚያ 13.7 ሚሊዮን ጡብ ወጣ። የሚቆጣጠሩ ባለሙያዎችም አልነበሩም። ታናቤ ቀን ሥራ ላይ የዋሉትን ሠራተኞች ማታ ማታ ያስተምራቸው ነበር። በጥቅሉ ወደ 4 ሚሊዮን የሰው የሥራ ቀን እንደፈጀ ይነገራል።

የሞተ ሰው ነበር?

ነበር። 17 ሰዎች ሞተዋል። ታናቤ በ1902 ከራሱ ኪስ ከፍሎ ኬአጌ ላይ መታሰቢያ ድንጋይ አቆመላቸው። ጽሑፉ አጭር ነው። በግርድፉ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ አንድ ሰው ለሥራው ሞተ፤ አእላፍ ቤቶች በበረከቱ ረሰረሱ።

ታዲያ ኤሌክትሪኩ ከየት መጣ? ዕቅዱ ውስጥ ነበር?

አልነበረም። ከሁሉም በላይ እኔን የሚገርመኝ ክፍል ይኼ ነው።

በዕቅዱ መሠረት የውሃው ጉልበት ወደ ፋብሪካ የሚደርሰው በውሃ መንኮራኩር ነበር። የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ውሃው መንኮራኩሩን ይገፋል፤ መንኮራኩሩ ዘንጉን ያዞራል፤ ዘንጉ ድንጋዩን ወይም ማሽኑን ያዞራል። ከኪዮቶ በስተ ምሥራቅ፣ ሺሺጋታኒ በሚባለው ተዳፋት ላይ መንኮራኩሮች በተርታ ሊተከሉ፣ ፋብሪካዎችም ከሥራቸው ሊደረደሩ ታስቦ ነበር።

መንኮራኩር ግን አንድ ችግር አለበት። ጉልበቱ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ወፍጮ የፈለገ ሰው እህሉን ተሸክሞ ወንዝ ይወርዳል እንጂ ወንዙ ወደ ቤቱ አይመጣም። ፋብሪካም እንደዚያው ነው፤ ከውሃው ዳር መተከል ግዴታው ነው። የሺሺጋታኒ ተዳፋት ደግሞ ጠባብ ነው። ምን ያህል ፋብሪካ ይይዛል?

በ1888፣ ቁፋሮው ሳይገታ፣ ታናቤ ወደ አሜሪካ ተላከ። አብሮት የሄደው ታካጊ ቡንፔይ ይባላል፤ የኪዮቶ ነጋዴ ነው። የሄዱት ስለ ውሃ ጉልበት አጠቃቀም ሊማሩ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ሆልዮክን አዩ፤ ከተማዋ በቦይ ውሃ ብዙ ፋብሪካ የምታንቀሳቅስ ናት። ከዚያ ተሻግረው ኮሎራዶ ተራሮች ውስጥ አስፐን ገቡ። ዛሬ አስፐን የበረዶ ሸርተቴ ከተማ ናት። ያኔ የብር ማዕድን ማውጫ ነበረች። እዚያ ከተራራ የሚወርድ ውሃ ጄኔሬተር ሲያዞር አዩ። ኤሌክትሪኩ በሽቦ ሄዶ ማዕድን ማውጫው ጋ ሥራ ይሠራል።

ሁለቱ ሰዎች ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ፋብሪካው ውሃው ዳር መሄዱ ሊቀር ነው። ጉልበቱ በሽቦ ወደ ፋብሪካው ይመጣል። ሸማኔው ሰፈሩ ሳይለቅ፣ ባለ ሰዓቱ ሱቁ ሳይዘጋ፣ የሐይቁ ውሃ ቤቱ ድረስ ይገባለታል ማለት ነው።

በ1889 መጀመሪያ ተመለሱ። የመንኮራኩሩ ዕቅድ ተሰረዘ፤ ኬአጌ ላይ የኃይል ማመንጫ ይሠራ ተባለ። ይህንን ውሳኔ ቀላል አድርገን እንዳናየው። ገንዘቡ ከሕዝብ ተሰብስቧል፤ ሥራው ከግማሽ አልፏል፤ ለዓመታት ሲነገርለት የነበረ ዕቅድ አለ። በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ ራሱ ገና አዲስ ነው። ያየነው የተሻለ ነው፣ የኛ ይቀየር ብሎ አገር ቤት ተመልሶ መናገር ድፍረት ይጠይቃል። እሺ ብሎ መቀበልም ያንኑ ያህል ድፍረት ይጠይቃል።

ማመንጫው እንዴት ነበር የሚሠራው?

ውሃው ከከፍታው በብረት ቧንቧ ቁልቁል ይለቀቃል። ውድቀቱ ከ30 ሜትር በላይ ነው። ታች ሲደርስ በጠባብ አፍ ተስፈንጥሮ የፔልተን ጎማ የሚባለውን ይመታል። ጎማው ዙሪያውን እንደ ጭልፋ ያሉ ጽዋዎች አሉት። የፈጠረው ሌስተር ፔልተን የካሊፎርኒያ ወርቅ ፍለጋ ዘመን ሰው ነው። ጎማው ሲሽከረከር የኤዲሰን ጄኔሬተር ያዞራል።

በ1891 ሥራ ሲጀምር ሁለት ጎማና ሁለት ጄኔሬተር ነበረው፤ እያንዳንዱ ጄኔሬተር 80 ኪሎ ዋት። ዛሬ አንድ መካከለኛ ሕንፃ ሊጨርሰው የሚችል ነው። ያኔ ግን ፈላጊው በዛ። ማሽን እየተጨመረ ሄዶ በ1897 ጎማዎቹ 20 ደረሱ፤ ኃይሉ ወደ 1,760 ኪሎ ዋት አደገ። ከቀድሞዎቹ የፔልተን ጎማዎች አንዱ ዛሬ በቦዩ ሙዚየም ውስጥ ይታያል።

ኃይሉ ለማን ደረሰ?

ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞች አንዱ የሰዓት ፋብሪካ ነው። ከዚያ የክር መፍተያ፣ የጨርቃ ጨርቅ ሥራ፣ የሩዝ መፈተጊያ ተከተሉ። የመንገድና የቤት መብራትም መጣ። ኒሺጂን የሚባለው የሐር ሸማኔዎች ሰፈር በቤተ መንግሥቱ መሄድ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ሸማኔዎቹ ቀድሞ በ1870ዎቹ ከፈረንሳይዋ ሊዮን ጃካርድ የሚባለውን፣ ጥለት የሚያወጣ የሸማ መሥሪያ አስመጥተው ነበር። ኋላ ሞተር ገባላቸው። ኒሺጂን ዛሬም ይሸምናል።

የካቲት 1 ቀን 1895 ደግሞ ከኪዮቶ ባቡር ጣቢያ አጠገብ እስከ ፉሺሚ ድረስ ትራም መሥራት ጀመረ። በጃፓን የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ትራም ነው። ኩባንያውን ካቋቋሙት አንዱ ያው አሜሪካ የሄደው ታካጊ ነው። ትራሙ ቀርፋፋ ነበር። ቢሆንም ሕዝቡ ገና አልለመደውም። ስለዚህ ልጆች ተቀጥረው ከፊቱ እየሮጡ ዞር በሉ እያሉ ይጮኹ ነበር፤ ሲመሽ ፋኖስ ይይዛሉ። ያንን ትራም የሚገፋው ከተራራ ማዶ የመጣ ሐይቅ መሆኑን ስንቱ ተሳፋሪ አስቦት ይሆን?

በዚያው ዓመት ኪዮቶ አራተኛውን ብሔራዊ የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን አስተናገደች። ቦታው ቦዩ የሚያልፍበት ኦካዛኪ ሰፈር ነው። ከ26 ዓመት በፊት ንጉሠ ነገሥቷ ጥለዋት የሄዱ ከተማ እንግዳ በኤሌክትሪክ ትራም ተቀበለች።

ጀልባ በሀዲድ ላይ ይሄድ ነበር የሚባለው ምንድን ነው?

ኬአጌ ላይ ቦዩ ድንገት ቁልቁል ይወርዳል። ልዩነቱ 36 ሜትር ያህል ነው። ጀልባ ያንን በውሃ መውረድ አይችልም። ስለዚህ ተዳፋቱ ላይ 582 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ ሁለት መስመር ሀዲድ ተዘረጋ። ጀልባው ከነጭነቱ ጎማ ባለው አልጋ ላይ ይወጣል፤ በገመድ እየተያዘ ይወርዳል። በሌላው መስመር ሌላ ጀልባ ይወጣል። ጭነት ማራገፍ የለም፤ ተሳፋሪም አይወርድም። ይህንንም መጀመሪያ በመንኮራኩር ሊያንቀሳቅሱት ነበር፤ በኋላ የማመንጫው ኤሌክትሪክ ተረከበው።

ወደ ኦትሱ መመለስ ግን ልፋት ነበር። ረጅሙ ዋሻ ውስጥ ጀልበኞች ግድግዳው ላይ የታሰረውን ገመድ እየጎተቱ፣ በጨለማ፣ ከውሃው በተቃራኒ ይሄዱ ነበር።

ባቡርና መኪና ሲመጡ ጀልባው ተረሳ። ሀዲዱ በ1948 ሥራ አቆመ።

ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ የጡብ ድልድይ ማቆማቸው ተቃውሞ አልገጠመውም?

ገጥሞታል። ናንዘንጂ ጥንታዊ የዜን ገዳም ነው። ወደ ሰሜን የሚሄደው ቅርንጫፍ በግቢው ማለፍ ነበረበት። በ1888 ውሃውን በላዩ የሚያሳልፍ 93 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ ቅስት የቀይ ጡብ ድልድይ ተሠራ። በጸጥታው ገዳም ውስጥ የአውሮፓ የሚመስል ሕንፃ መቆሙ ብዙ ሰው አስከፋ።

ዛሬ ጡቡ ጠቁሯል፤ ሽበት አብቅሏል። ጎብኚው ከገዳሙ ይልቅ ቅስቶቹ ሥር ፎቶ ሲነሳ ታገኘዋለህ። እኔ ግን የያኔዎቹ ተቃዋሚዎች ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም። ያኔ ያየ ሰው ያየው አዲስ ጡብ ነበር።

የሐይቁ ጎረቤቶችስ ምን አሉ?

ሐይቁ የሺጋ ክፍለ ሀገር ነው። ኦሳካ ደግሞ ከሐይቁ በሚወጣው ወንዝ ግርጌ ናት። ሺጋ ውሃችን ሊወሰድ ነው አለች። ኦሳካ ደግሞ የወንዙ ነገር አሳሰባት። ንግግሩ ቀላል አልነበረም። እስከ ዛሬ ኪዮቶ ለሺጋ በየዓመቱ የምስጋና ገንዘብ ትከፍላለች፤ ከ200 ሚሊዮን የን በላይ ነው። ስሙን እወደዋለሁ። የውሃ ዋጋ አላሉትም፤ ምስጋና ነው ያሉት።

ሁለተኛ ቦይ አለ የሚባለውስ?

አለ። ኤሌክትሪክም የመጠጥ ውሃም አልበቃ ሲል በ1908 ተጀምሮ በ1912 አለቀ። ከመጀመሪያው ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። ውሃው እንዳይበከል ከሞላ ጎደል በዋሻ ነው። ያኔ ከንቲባው ሳይጎ ኪኩጂሮ ነበሩ፤ የታዋቂው የሳሙራይ መሪ የሳይጎ ታካሞሪ ልጅ። በዚያው በ1912 የኬአጌ ማጣሪያ ተከፈተ፤ የቧንቧ ውሃ ወደ ከተማዋ ገባ።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

ቦዩን በቀጥታ የሚያገናኘው የለም። ዘመኑ ግን ያገናኘናል። ሚያዝያ 9 ቀን 1890 ቦዩን የመረቁት ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ናቸው። ለምርቃቱ ጊዮን የሚባለው የኪዮቶ ታላቅ በዓል ሰረገሎች ከወቅታቸው ውጭ ወጡ፤ ተራራው ላይ እሳት ተለኮሰ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ዋለ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የኢትዮጵያን የ1931 ሕገ መንግሥት ሲያረቁ ዋና አርአያ ያደረጉት ያንን ነው። በዚያው 1931 ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ድረስ ሄደው አገሩን አይተው ተመልሰዋል። የኛ አባቶች ጃፓንን አትኩረው ይመለከቱ የነበረው እንዲህ ያለ ሥራ የሠራች አገር በመሆኗ ነው።

ዛሬም ይሠራል? ሄዶ ማየትስ ይቻላል?

ይሠራል። የኪዮቶ ቧንቧ ውሃ ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ ቦይ የሚመጣ ነው። ኬአጌ ያለው ማመንጫ ሕንፃውና ማሽኑ ተቀይሮ ዛሬም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የሄይያን መቅደስና የናንዘንጂ አካባቢ የአትክልት ስፍራዎች ኩሬያቸውን የሚሞሉት ከዚሁ ነው። በ2025 አንደኛው ዋሻ፣ ባለ ሀዲዱ ተዳፋትና የናንዘንጂው ድልድይ ከሌሎች የቦዩ ክፍሎች ጋር የአገሪቱ ብሔራዊ ሀብት ተብለው ተመዝግበዋል።

ለማየት የሚሻለው በእግር ነው። በከርሰ ምድር ባቡር ኬአጌ ጣቢያ ትወርዳለህ። ወዲያው ተዳፋቱ ሥር የሚያልፍ አጭር የእግረኛ መተላለፊያ አለ። ቀና ብለህ ጡቡን እየው፤ ጠመዝማዛ ሆኖ ነው የተገነባው፤ ከላዩ የሚያልፈውን የጀልባ ክብደት እንዲችል። በዚያ ወጥተህ ትንሽ ስትሄድ ናንዘንጂ ትደርሳለህ። ከድልድዩ አጠገብ ባለው መንገድ ወጥተህ ውሃው በላዩ ሲፈስ ማየት ትችላለህ። ከዚያ ወደ ሰሜን ቅርንጫፉን ተከተል። ቼሪ የተተከለበት ታዋቂው የፈላስፋው መንገድ የዚሁ ቦይ ዳር ነው። ስሙን ያገኘው እዚያ እያሰበ ይመላለስ ከነበረው ከፈላስፋው ኒሺዳ ኪታሮ ነው።

ጀልባውም ተመልሷል። የሰው ማመላለሻው ቆሞ ከቆየ በኋላ ከ2018 ጀምሮ በጸደይና በመከር ከኦትሱ እስከ ኬአጌ ጎብኚ ይጭናል። ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ አስቀድሞ መያዝ ነው። አንደኛው ዋሻ ከመግባትህ በፊት ከአፉ በላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ፈልገው። የጻፈው የጃፓን የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኢቶ ሂሮቡሚ ነው፤ ቃሉም የሚያወሳው መልኩ ሺህ ጊዜ የሚለዋወጠውን የተፈጥሮ ውበት ነው። ከዚያ ጨለማው ይቀጥላል። ውስጥ ለውስጥ ስትሄድ ከላይ ውሃ ሲንጠባጠብ ትሰማለህ፤ ያ 47 ሜትር ጉድጓድ ነው።